ጭቃ ያልነካው ማልያ

እንደምን ዋልሽ እታለም! ደጅ ቆሜ "ቤቶች!" ብል የስፌት መኪናሽ ድምፄን ዋጠው። ተይ፣ አትነሺ፣ ሥራሽን አታቋርጪ፤ እኔ እዚህ የጨርቁ ክምር ላይ ጣል እላለሁ። ፀሐይዋን አየሻት ዛሬ? የጫካው መንገድ ደርቆ ጠጠሩ ከጎማ ሥር እንደ ርችት እየተንጣጣ ነው። ለነገው ጉዞ የታዘዘ አየር ነው የሚመስለው።

የመጣሁት ለዚች ጃኬቴ ነው። ትከሻዋ ላይ ተቀዳለች፣ እዪልኝ እስቲ። … ይቺ ጠቆር ያለችው? እሷን ተያት፣ ዝገት ናት። ብስክሌቴን ታውቂያት የለ? ከአያቴ በዕድሜ ትበልጣለች፤ ዝገቷ እንደ ወረርሽኝ ሰው ላይ ይጋባል። አጥቤ አጥቤ እጄ ነጣ እንጂ እሷስ ወይ ፍንክች። ቀዳዳውን ብቻ ያዥልኝ።

መጋረጃው ውስጥ ሰው አለ እንዴ? ከሥር ጫማ አየሁ… አቤት ጫማ! እንዲህ ነጭ ጫማ ያደረገ ሰው መሬት የሚረግጠው ለመሬት አዝኖ ነው። ማንም ይሁን ማን፣ ሱሪውን ቀስ ብሎ ይለካ። እኛ የራሳችንን እንጫወት።

ይሄ ከመርፌው ሥር ያለው ማልያ የማነው? … "መሪ"! ያውም በወርቃማ ክር! የዚያ የደጉ ሰው ነው አትበይኝ! … ስጦታ ነው? ደግ አደረግሽ። ባልሽን ከጫካ በጀርባው አዝሎ ላወጣልሽ ሰው ማልያ ምን አላት? እኔ ብሆን ካባ ነበር የምሰፋለት፣ ጫፉን የሚይዙለት ሰዎችም እቀጥርለት ነበር።

ምነው በዓይንሽ ወደ መጋረጃው ጠቀስሽኝ? ቀስ በል ነው? እንዴ፣ እኔ እኮ እያመሰገንኩ ነው! ምስጋና በሹክሹክታ ይሆናል?

አንቺ ባታይም እኔ ኋላ ሆኜ አይቻለሁ። መቼም ኋላ መሆን የኔ ርስት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ እኔ ብስክሌት ላይ ተቀምጬ ከእንቁላሉ በኋላ ነው የምደርሰው። ለዚህ ነው የብስክሌት ማኅበራችን ሕግ የሚጥመኝ… ታውቂው የለ ሕጉን? መንገድ ሁለት በተከፈለ ቁጥር ፊት ያለው ይቆማል። ኋላ ያለው ብቅ እስኪል፣ ፊቱን እስኪያይ ድረስ አይንቀሳቀስም። በቃ፣ ሌላ ሕግ የለንም። ሌሎቹ በሬዲዮ የሚነጋገሩትን እኛ በመቆም ነው የምንነጋገረው።

እሱ ግን ከሕግ በላይ ነው። ትልቅ ሰው ለምን ይቆማል? ነፋስ ይቆማል? ያን ቀን ጫካው በዝናብ ላቁጦ፣ ባልሽ ከሱ ኋላ፣ እኔ ከባልሽ ኋላ… ከሩቅ ኋላ። ከመንታው መንገድ በታች ቁልቁለቱ ላይ ባልሽን የፊት ጎማው ከዳውና ቦዩ ውስጥ ገባ። ጩኸቱን እኔ ከኮረብታው ማዶ ሰማሁት። ወፎቹ ሰሙት። አንዲት ላም እንኳን ማመንዠኳን አቁማ ቀና አለች፣ እውነቴን ነው! እሱ ግን አልሰማም… እንዴት ይሰማል? ፊት የበቀለን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው ይባላል፤ እሱ ፊት ፊቱን ሲሮጥ ጆሮውን መንታው መንገድ ላይ ጥሎት ሄዶ ነዋ።

ደግሞ ዞሮ አይቷል የሚሉም አሉ። እኔ አላምንም። አይቶ የሄደ እንደሆነማ… አይ፣ እንደሱ ያለ ሰው አይቶ አይሄድም። ምናልባት አንገቱን ሊያፍታታ ይሆናል የዞረው።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይላሉ አበው። የወደቀ ሰው ላይ ግን የሚበዛው ጀርባ ነው፣ እየራቀ የሚሄድ ጀርባ። እሱ ደግሞ ጀርባው ያምርበታል! ለዚህ አይደል "መሪ"ን ጀርባው ላይ የምትጽፊለት?

ግን አንድ ነገር ይገርመኛል እታለም። ያቺ ምስማሩ ላይ የተንጠለጠለችው ለልክ ያመጣልሽ አሮጌዋ ማልያ ናት አይደል? ያን ቀን የለበሳት… እስቲ ወደ ብርሃኑ አዙሪያት። እዪ እንግዲህ ተአምር! የባልሽን ልብስ ስንት ጊዜ ዘፈዘፍሽው? ውሃው ስንት ጊዜ ቀላ? እጅጌው ደርቆ እንደ ጣውላ ቆሞ አልነበር? ያን ጭቃና ደም የለበሰ ሰው ከቦይ እስከ ዋናው መንገድ አዝለሽ ማልያሽ እንዲህ እንደ ሙሽራ ነጠላ ሲሆን… ይሄ ጽድቅ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ደሙ ራሱ አክብሮት ነው! "እሳቸው ላይማ አልነካም፣ የሌላ ሰው ትከሻ ፈልጉልኝ" ብሎ ይሆናል።

… ምነው ፔዳሉን ለቀቅሽው? ስፊ እንጂ።

ባልሽማ ምን ያውቃል፣ ቦዩ ውስጥ ከገባ በኋላ ያለው ሁሉ ጠፍቶበታል። አንዲት ነገር ብቻ ነው የማስታውሰው ይላል አልሽኝ፤ ያዘለው ሰው መንገዱን ሙሉ ስለ አህያና ስለ አማቷ ይቀልድለት እንደነበር። "እንዳትተኛ፣ አህያዋ ገና አልደረሰችም" ይለው እንደነበር። አየሽልኝ? እኛ ያ ሰው ሥራና ንግግር ብቻ የሚያውቅ ይመስለን ነበር! ስብሰባ ላይ አንድ ቀን ጥርሱን አይተናል? ለካ ልቡ ውስጥ አህያ ነበረች! እስቲ ስታገኚው ቀልዱን ንገረኝ በይው። መጨረሻዋን ይንገርሽ። አማቷ ለአህያዋ ምን አለቻት? … የሚያውቅ ያውቃል፣ የማያውቅ ደግሞ ሱሪ ይለካል።

አሁን ማን አሳለ? ይማርዎ የውስጡ ሰውዬ! የጨርቅ ብናኝ ነው፣ ጉሮሮ ይይዛል።

እና አንተስ የት ነበርክ ትይኝ ይሆናል። እኔማ አልቆጠርም። ዋናው መንገድ ዳር ያለችው ሻይ ቤት ስንደርስ… ማለት፣ ባልሽ ባዘለው ሰው ጀርባ ሲደርስ… ደጉ ሰው በረንዳው ላይ እግሩን ሰቅሎ ሁለተኛውን ብርጭቆ ጀምሮ ነበር። አየሽ ብልጠቱን? በጫካው ውስጥ እያዘለ በረንዳው ላይ ይጠጣል! አንዱ ሰው ሁለት ቦታ! ከዚያ የተጠራው ፒካፕ መኪና ሲመጣ ከማንም ቀድሞ ተነሣ፣ የባልሽን ደህናውን ክንድ ያዘ፣ አጠገቡ ተቀመጠ። ደጅሽ ላይ ስትወጪ ያየሽው እሱን ነው፤ ባልሽን ደግፎ ሲወርድ። ያየ አይኑን ይጠራጠራል? አልቅሰሽ እግሩ ላይ ወደቅሽ። እሱም "አዝዬው ነው የመጣሁት" ብሎ ሲያወራ፣ ይታይሽ፣ ማታ የሰማሁት እኔ ራሴ እንባዬ መጣ! እንዲህ የሚያምር ወሬ በእውነት ማበላሸት ነውር ነው ብዬ ዝም አልኩ። ደግሞስ የኔን ነገር ማን ያምናል? ስለ ላሟ ስነግርሽ እንኳ ፊትሽን አይቼዋለሁ።

ፒካፑ ላይ ለኔ ቦታ አልነበረም። የሱ ብስክሌት ተጋድሞበት ነበር፤ እንዳይጫጫር ከሥሩ ብርድ ልብስ ተነጥፎለት። ባልሽ ግን ብርድ ልብስ አልነበረውም። እኔ የባልሽንና የራሴን ብስክሌት ግራና ቀኝ ይዤ በእግሬ መጣሁ። ለጤና ጥሩ ነው ይላሉ።

ነገ ደግሞ ልጅሽ በአዲሷ ብስክሌት ከሱ ኋላ ልትከተል ነው አሉ። ያችን ቁልቁለት። "እሱ ፊት ካለማ ልቤ አያስብም" አልሽ አሉ። እውነትሽን ነው፤ የሱም ልብ አያስብም። ሁለት የማያስብ ልብ ተገናኘ ማለት ነው።

… ምን እያደረግሽ ነው? ኧረ መቀሱን አስቀምጪ! ወርቃማውን ክር አትተርትሪው፣ ኃጢአት ነው፣ ስንት ቀን የደከምሽበት! ጃኬቴን ደግሞ ምን ሆንሽና አፍንጫሽ ላይ ለጠፍሽው? ዝገት ነው አልኩሽ እኮ። ትከሻዋን የቀደዳትም… ሰው ሲጨንቀው የያዘውን ጨርቅ አይለቅም፣ ባልሽ ደግሞ ጣቱ ብረት ነው። አታልቅሺ እንጂ! ጨርቁ ይረጥባል።

ኧረ እዪ፣ ጫማዎቹን እዪ። ወደኛ የነበሩት ዞረው ግድግዳውን ማየት ጀመሩ። ሱሪው ሳይጠብባቸው አልቀረም። ቢወጡ በሩ ክፍት ነው፣ ባይወጡም እኛ አልቸኮልን… ፊት ያለው ኋላ ያለውን ሊጠብቅ ሕግ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ፊት ያለነው እኛ ነን።

እንግዲህ ልሂድ። የሰው ነገር ይዤ መውጣት አልወድም፤ መርቄው ልውጣ። እግዜር ለዚያ ደግ ሰው ረጅም ዕድሜ ይስጠው። ጫማው እንደ ነጣ፣ ማልያው እንደ ጠራ ይኑር። ጠጠሩ ሁሉ ምንጣፍ ይሁንለት። ሰው ነውና ደግሞ አንድ ቀን… አያድርስበት እንጂ… ማንም በማያልፍበት ጫካ ቦይ ውስጥ ወድቆ የተጣራ እንደሆነ፣ ልክ እንደ እሱ ያለ ሰው እግዜር ከፊቱ ያስቀድምለት።

አሜን በይ እንጂ፣ እታለም።