የፊት ፍሬን

(ባሕር ዳር፣ ረፋድ ላይ፣ ከብስክሌት መሸጫው አጠገብ ባለች መጠገኛ፤ ጠጋኙ ይርሳው ሁለት ዓመት ሙሉ መንገድ እየቀየረ የሸሻቸው ወይዘሮ ስመኝ ዛሬ በሩ ድረስ መጥተው፣ ለልጄ ብስክሌት ምረጥልኝ ብለው ቆመዋል።)

ይርሳው፦ እትዬ ስመኝ፣ እኔ ጠጋኝ ነኝ። የሚሸጠው ባለሱቁ ነው፤ እሱን ይጠይቁት።

ስመኝ፦ ባለሱቁማ ውድ ውዱን ነው የሚያሳየኝ። ደግሞ አዲሱ ሁሉ ከካርቶን ወጥቶ የሚገጠመው በአንተ እጅ አይደለም እንዴ?

ይርሳው፦ ነው። ዛሬ ግን እጄን አሞኛል።

ስመኝ፦ አሁን ያንን ጎማ ስትፈታ ቆሜ አየሁህ እኮ።

ይርሳው፦ ለማን ነው ብስክሌቱ?

ስመኝ፦ ለሴቷ ልጄ፣ ለማስተዋል። ነርስ ሆና ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ ጤና ጣቢያ ተቀጥራለች። ደሞዟን ባጃጅ በላው።

ይርሳው፦ በእግሯ ብትሄድስ? ለጤናም ጥሩ ነው ይላሉ።

ስመኝ፦ ምነው ይርሳው? ብስክሌት ጠጋኝ ነህ ወይስ ጫማ ሰፊ?

ይርሳው፦ እንዲያው ነው ያልኩት።

ስመኝ፦ ያለኝ አሥራ አራት ሺህ ብር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሳንቲም የለኝም። ይሄ ቀዩስ?

ይርሳው፦ ይቅርብዎት። ሃያ አንድ ማርሽ ያሉት ለዓይን ነው። በዚህ ዋጋ ያን ሁሉ ማርሽ የሰጡት ከሌላው ቀንሰው ነው፤ ወር ሳይሞላው ካቴናው መውለቅ ይጀምራል።

ስመኝ፦ ይኸው፣ መምረጥ ጀመርክ።

ይርሳው፦ ምን መረጥኩ? አይሆንም ነው ያልኩት።

ስመኝ፦ ሰማያዊውስ?

ይርሳው፦ ባለ ስፕሪንጉ? ክብደቱ ብቻውን ይገድላታል። ይቅር ይበለኝ፣ አፌ ነው።

ስመኝ፦ ላብህን ጥረግ። ጥቁሩስ?

ይርሳው፦ ጥቁሩ… ማርሽ የለውም፣ አያምርም። ግን ብረቱ ደህና ነው። ከብርዎም ለሄልሜት ይተርፍዎታል። ብቻ ሌላ ሰው ይግጠመው። ገበያው ጋ ሁለት ጎበዝ ልጆች አሉ።

ስመኝ፦ አንተስ?

ይርሳው፦ እኔ እንዳልነካው ነው የምለምንዎት።

ስመኝ፦ በወንዱ ልጄ በምንይችል የተነሳ ነው።

ይርሳው፦ ልጅዎ በክራንች በዚህ በር ሲያልፍ እኔ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

ስመኝ፦ ያይሃል። «ይርሳው ዛሬም ተደበቀ» ይለኛል ቤት ሲገባ።

ይርሳው፦ የፊት ፍሬኑን የፈታሁለት እኔ ነኝ፣ እትዬ። ይኸው ተናገርኩት።

ስመኝ፦ እሺ።

ይርሳው፦ አገሩ ሁሉ ያስፈታል። የፊቱን የያዘ በአፍንጫው ይተከላል ይላሉ። እሱም ፍታልኝ አለኝ፣ ፈታሁለት፤ ተው የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ከቤዛዊት ኮረብታ ቁልቁል ሲወርድ የኋላው ሽቦ ተበጠሰ፤ ሌላ የሚይዘው ፍሬን አልነበረውም።

ስመኝ፦ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነግሮኛል።

ይርሳው፦ ያን ጊዜ? ታዲያ አንድ ቀን እንኳ መጥተው ሳይሰድቡኝ?

ስመኝ፦ ብዙ ቀን ተነስቼ ነበር። መታጠፊያው ላይ ስደርስ እመለሳለሁ። ከአፌ የሚወጣውን እኔው ፈራሁት። ማስተዋልም ብስክሌት ብላ ስትነሳ ሦስት ቀን እህል አልወረደልኝም።

ይርሳው፦ እንግዲያው አይግዙላት።

ስመኝ፦ ሥራዋን ትተው? ለዚህ ነው ያስተማርኳት?

ይርሳው፦ እኔ ገጥሜው አንድ ነገር ብትሆንስ? ያኔ የት እገባለሁ? እርስዎ አያውቁም። ያን ጊዜ የጀመረኝ ይኸው እስከ ዛሬ አለቀቀኝም፤ አንዱን ብሎን ሦስቴ አጠብቃለሁ፣ ባለቤቱ ሊሄድ ሲል ጠርቼ እንደገና አየዋለሁ። ፍሬን ፍታልኝ ያለኝን ሁሉ እያባረርኩ ደንበኛ አለቀብኝ። ባለሱቁ ይስቅብኛል፣ ፈሪው ይለኛል። ገበያው ጋ ያሉት ልጆች ግን አይፈሩም፤ በግማሽ ሰዓት ገጥመው ይሰጡዎታል።

ስመኝ፦ እነሱ ጋ ትናንት ሄጄ ነበር። ገና ዋጋ ሳንነጋገር «የፊት ፍሬኑን እንፍታላት?» አሉኝ፣ እየሳቁ።

ይርሳው፦ ምን አሏቸው?

ስመኝ፦ ምን እላለሁ፤ ወጣሁ። በል ቁልፍህን አንሳና ጥቁሩን አውጣው። እኔ ልጄን ለማይፈራ ሰው አልሰጥም።