የፉርጎ ግራሶ

ሸዋ ሮቢት ዳር፣ ሐዲዱ ላይ በቆሙ የባቡር ፉርጎዎች ኩሽኔታ ውስጥ ግራሶ እየሞላሁ ነው። አንድ ገበሬ ምጥ የያዛት ሚስቱን በአህያ ጋሪ ወደ ጤና ጣቢያ ይዞ ሲያልፍ የጋሪው ጎማ ሲጢጥ አለና አልዞርም ብሎ ቀጥ! ባየው ኩሽኔታው ደርቋል። ሴትዮዋን አውርደን የፉርጎው ጥላ ሥር አስቀመጥናት።

«በአላህ ወንድሜ፣ ቶሎ በል!» ስትለኝ ግራሶዬን ይዤ ጎማው ሥር ተንበረከክሁ። ባልየው ጋሪውን በትከሻው አነሳልኝ፤ እኔ የባቡሩን ግራሶ ጠቀጠቅኩበት። ጎማው ዞረ! መልሰን ጫንናትና ከኋላ እየገፋሁ አብሬያቸው ሮጥኩ።

ጤና ጣቢያ አስገብተናት ደጅ ስንጠብቅ፣ ብዙም ሳይቆይ ከውስጥ የሕፃን ለቅሶ ሰማን። ነርሷ ወጥታ የጠቆረ እጄን አየችና፣ «አባትየው፣ መጀመሪያ ታጠብ!» ብላ ጮኸችብኝ።

ባልየው እንባውን እየጠረገ ሳቀ፤ «አባቱስ እኔ ነኝ እህቴ፤ እሱ ያዋለደው ጎማውን ነው!»