እመት ሐመልማል መቼ ሞተች?

(ደብረ ብርሃን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። የዓይናቸው ብርሃን የጠፋ ጡረተኛ ዳኛ አቶ መኩሪያ ስልካቸውን ጨብጠው፣ መጽሐፍ የምታነብላቸው ልጃቸው ስመኝ የሬዲዮውን ድምፅ ቀንሳ፣ ሳሎን ውስጥ ይጨቃጨቃሉ።)

አቶ መኩሪያ፦ ቁጥሩን ደውዪልኝ አልኩሽ። ደራሲው ስቱዲዮ ገብቷል፣ አድማጭም ማስገባት ጀምረዋል።

ስመኝ፦ ሰምቻለሁ፣ አባዬ። አልደውልም።

አቶ መኩሪያ፦ ለምን?

ስመኝ፦ አገር በሚሰማው ሬዲዮ ሰው ልትሰድብ ነዋ። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

አቶ መኩሪያ፦ የምን ስድብ? አንዲት ጥያቄ ነው የምጠይቀው። «ጌታው፣ እመት ሐመልማል መቼ ሞተች?» በቃ። አራተኛው መጽሐፍ ላይ ጎርፉን አዝዛ፣ ጭራቆቹን አስጠርጋ፣ ወንዙን ተሻግራ ዋሻ ገባች። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰባተኛው ላይ ደግሞ ልጇ ሰይፉ መቃብሯ ላይ ተደፍቶ፣ «እናቴን ያ ጎርፍ ከበላት ወዲህ» እያለ ያለቅሳል። የቱ ጎርፍ? ራሷ ያዘዘችው?

ስመኝ፦ ተረት እኮ ነው። ውሃ የምታዝ ሴትዮ መኖሯን አምነህ ስታበቃ፣ በዚህ ትናደዳለህ?

አቶ መኩሪያ፦ ውሃ ማዘዟን ደራሲው አለ፣ እኔም ተቀበልኩ። ከጎርፍ ድና በዚያው ጎርፍ መሞቷን ግን አልቀበልም። ተረትም ቢሆን ቃል አለው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል አልሰማሽም?

ስመኝ፦ የወለድካት እዚሁ አጠገብህ ተቀምጣለች፣ ቀስ በል።

አቶ መኩሪያ፦ አታስቂኝ፣ ተናድጃለሁ። ጠዋት የመሰከረውን ከሰዓት የሚያፈርስ ምስክር ችሎቴ ፊት ምን እንደሚገጥመው ታውቂያለሽ። ይኼ ሰውዬ በኛ ይቀልዳል። ሁለተኛው ላይ የሰይፉ በቅሎ ነጭ ነበረች፣ አምስተኛው ላይ ጠቆረች። ዝም አልኩ። በቅሎ ናት፣ ትለፍ አልኩ። እናት ግን እንዲህ በዋዛ አትታለፍም።

ስመኝ፦ ስልኩን ስጠኝ።

አቶ መኩሪያ፦ ልትደውዪ ነው?

ስመኝ፦ ላስቀምጠው ነው።

አቶ መኩሪያ፦ እንግዲያው ጎረቤታችንን ወይዘሮ አስካለን እጠራታለሁ። እሷ ትደውልልኛለች። አራተኛውንም መጽሐፍ አውጥታ ወንዙ ጋ ያለውን ታነብልኛለች። ማስረጃዬን ይዤ ነው የምገባው።

ስመኝ፦ አራተኛውን ለማንም እንዳትሰጥ።

አቶ መኩሪያ፦ ምን አለበት አራተኛው?

ስመኝ፦ ተወው አባዬ፣ በእግዜር።

አቶ መኩሪያ፦ ምን አለበት ነው ያልኩሽ?

ስመኝ፦ የበቅሎዋ ስህተት የደራሲው ነው። የእመት ሐመልማል ግን የኔ ነው።

አቶ መኩሪያ፦ እንዴት ያንቺ ይሆናል?

ስመኝ፦ መጽሐፉ ላይ ከወንዙ አልወጣችም። እዚያው ሞታለች። ዋሻውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። አምስተኛውና ስድስተኛው ላይ ስሟ በመጣ ቁጥር እየዘለልኩ አለፍኩ። ሰባተኛው በሙሉ ስለሷ ሞት ሆነብኝ፣ ምኑን ልዝለለው?

አቶ መኩሪያ፦ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። እኔ እኮ ስላንቺ ዓይኔ ናት እያልኩ ነው ለሰው የማወራው። ዓይን ያየውን ነው የሚናገረው፣ የወደደውን አይደለም። ማን ፈቀደልሽ?

ስመኝ፦ ደግሞ ትቆጣኛለህ? አራተኛውን የት እንዳነበብኩልህ አስታውስ እስቲ። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ እዚያ የብረት ወንበር ላይ ነው። እማዬ ውስጥ ታጣጥራለች፣ አንተ ውጭ ቁጭ ብለህ «ቀጥዪ እንጂ፣ እናትየው ምን ሆነች?» ትለኛለህ። ምን ልበልህ? ሞተች ልበልህ? አፌ እንቢ አለኝ። ደግሞ ላንተ ብቻ እንዳይመስልህ፣ ለራሴም ነው ያዳንኳት። እኔም እናቴን ነው የቀበርኩት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብለኸኝ ታውቃለህ? «አንብቢ» ብቻ። እኔም ንዴቴን እየዋጥኩ አነበብኩልህ።

አቶ መኩሪያ፦ እንግዲህ ያ የነገርሽኝም እንደ ዋሻው ነው።

ስመኝ፦ የቱ?

አቶ መኩሪያ፦ ከክፍሉ ወጥተሽ፣ «እማዬ አረፈች። ዓለሜን እንደወደድኩት ሄድኩ በይልኝ ብላለች» ያልሽኝ።

ስመኝ፦ እሱን እንኳ ተወው።

አቶ መኩሪያ፦ እናትሽ ደብሪቱ ከሠርጋችን ማግስት ጀምሮ «ይኼ ሰውዬ» ነበር የምትለኝ። ዓለሜ ብላኝ አታውቅም። ስህተቱን ያኔውኑ ነው ያየሁት።

ስመኝ፦ ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?

አቶ መኩሪያ፦ ሌላ ምስክር ከየት ላምጣ? አልጋዋ አጠገብ የነበርሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ሐሰተኛ ብልሽ የሚቀረኝ የለም። አንቺን መቆጣት ሲያቅተኝ በደራሲው ስበሳጭ ኖርኩ። አሁን ግን እጠይቅሻለሁ። ምን አለች?

ስመኝ፦ ለሐዘንተኛ የሚነገር አይደለም፣ አባዬ።

አቶ መኩሪያ፦ ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ።

ስመኝ፦ «ይኼ ሰውዬ ዛሬም ሹራቡን ሳይለብስ ነው የመጣው። ኮሪደሩ ይበርዳል። ሳንባው ሲታመም ደግሞ በኔ ያሳብባል» አለች። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም። ይህንን እንዴት አድርጌ ልንገርህ?

አቶ መኩሪያ፦ ሬዲዮውን ዝጊው፣ ደራሲውን ማሩኝ ብያለሁ። አራተኛውን አምጪና ወንዙ ጋ ጀምሪልኝ፣ እንደተጻፈው። መጀመሪያ ግን ያን ሹራቤን አቀብዪኝ።