ከይሪያን በነጠላ የጎተትኩ ዕለት

— ሄሎ… ሄሎ? ማን ልበል?… የኔነሽ? እታለም፣ ድምፅሽ ከጉድጓድ የሚመጣ ነው የሚመስለው። እስቲ ከቤት ወጣ በይ፣ የቦሩ ሜዳ ኔትወርክ በር ላይ ነው የሚሻለው… እ፣ አሁን ደህና ነው። ትሰሚኛለሽ?… እኔም እሰማሻለሁ።

— ምን አደረግሽ ነው ያልሽኝ?… ማንን?… ከይሪያን? ማን ነገረሽ?… ደሳለው? ባለ ሚኒባሱ? እሱ እኮ ሰውና ወሬ እኩል ነው የሚጭነው… ምን አለ? «እህትሽ ከይሪያን በነጠላ አስራ ሐረጎ ላይ እንደ በግ ስትጎትታት አየሁ» አለ?

— …እውነቱን ነው። ጎትቻታለሁ።

— አትጩሂ… ኧረ አትጩሂ። ሽማግሌ ምን ያደርግልኛል?… አብሽሪ አልኩሽ። ቁጭ በይና ስሚኝ።

— ቂሜንማ ታውቂዋለሽ፤ ነጋ ጠባ እየነገርኩ ጆሮሽን አደንቁሬዋለሁ… እንደገና ብነግርሽስ ምን አለበት። ደርግ በወደቀ በሦስተኛው ዓመት ፋብሪካው ከኮምቦልቻ ደሴ አላስሮጠንም? ከፈትል ክፍል እኔና እሷ ነበርን። ትከሻ ለትከሻ ሆነን የሐረጎን ዳገት ስንወጣ፣ ሦስተኛው መጠምዘዣ ላይ ጎኔን ወጋኝና ቁጢጥ አልኩ። ዞር ብላ አየችኝ። ዓይን ለዓይን ነው የምልሽ። አየችኝና… ሄደች። ደሴ ገብታ አንደኛ ወጣች፣ ብርድ ልብስ ተሸለመች። እኔ በሽንኩርት መኪና ተመለስኩ… አዎ፣ ከዚያ ወዲህ አልሮጥኩም። አሥራ ስድስት ዓመት ማሽናችን ጎን ለጎን ነው፤ «እንዴት አደርሽ»፣ «አልሐምዱሊላህ»፣ አለቀ።

— ከይሪያ፣ እግርሽን አታውርጂው አልኩ። ትራሱ ላይ ይሁን።

— እ?… አዎ፣ እሷን ነው። የኔ አልጋ ላይ ጋደም ብላለች… በሕይወት አለች አቦ፣ ምን ነካሽ። ሁሉንም እየሰማች ነው። ትስማ፤ ዛሬ በፊቷ ያልተናገርኩት ነገር የለም።

— አርብ ነው የጀመረው። ከሥራ ስንወጣ መጣችና «የነባር ሠራተኞች ሩጫ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፣ ቅዳሜና እሁድን አብረን እንለማመድ። ሐረጎን ብቻዬን አልወጣም» አለችኝ። ሞቼ ነው ቆሜ አልኳት… ታውቂኛለሽ፣ እኔ እምቢ ካልኩ ጥማድ በሬ አይነቀንቀኝም። ቅዳሜ ንጋት ግን ጫማዬን አስሬ ደጇ ላይ ቆሜያለሁ። እንዴት እንደሄድኩ አትጠይቂኝ።

— ሩጫዋ?… እንግዲህ ምን ልበልሽ። አርባ አምስት ዓመቷ ነው፣ አምስት ወልዳለች። ስትሮጥ ግን ኮቴዋ አይሰማም። እኔ ከኋላዋ እንደ ወፍጮ ቤት እያጓራሁ… አልቀናሁም… እሺ፣ ትንሽ ቀንቻለሁ።

— ዳገቱ ሲጀምር ሰማዩ ገና መፍካቱ ነው። «ሱብሂ ደረሰ፣ ልስገድ» አለችና ከድልድዩ ሥር ወረደች። ተጣጥባ ውዱ አድርጋ፣ ሻርፗን አንጥፋ ቆመች። እኔ መንገድ ዳር ላቤ ሲደርቅ፣ ብርዱ ሲገባኝ። አሁን ጥያት ልሂድ አልኩ በልቤ። የዚያን ዓመቱን ልመልስላት… አልሄድኩም። ምን እንደያዘኝ ልንገርሽ? ትንፋሿ። ቅድም እንደ ወናፍ ሲነፋ የነበረ ደረት፣ ግንባሯ መሬት ሲነካ ጸጥ አለ። የሚቀጥል ዳገት ያለባት አትመስልም። እኔ አባታችን ሆይን እንዴት እንደምለው ታውቂያለሽ፣ አውቶቡስ ሊያመልጠው እንደሆነ ሰው ነው። ያን ጊዜ ቀስ ብዬ አልኩት… ሁሉንም አይደለም። «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የምትለዋን ዘልዬ «አሜን» አልኩ። ምን ታስቂያለሽ? እግዜርን በጠዋት ልዋሸው እንዴ?

— ዛሬ ደግሞ ቅዳሴ ነበረኝ። «አስቀድሺ፣ እጠብቅሻለሁ» አለች። ከአጥሩ ውጭ ከነዳያኑ ጋር ተቀምጣ፣ የሩጫ ጫማዬን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ድረስ፣ የኔነሽ። ስወጣ የሁሉንም ስም ይዛለች፤ «ይሄ አባባ ቀለሙ ናቸው፣ የቢስቲማ ሰው፣ ዓይናቸው ማየት ካቆመ ሁለት ዓመቱ ነው» ትለኛለች። እኔ ስንት ዘመን ሳንቲም ስጥልላቸው ስማቸውን አልጠየቅኩም። አፈርኩ። ግን አልነገርኳትም።

— ጠበል ጸዲቅ ቀምሼ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ተነሳን። ፀሐዩ ከረር ብሏል። ሦስተኛው መጠምዘዣ ላይ… አዎ፣ ያው እሱ ራሱ… ባቷን ስትራፖ ያዛት፣ ጅማቷ ተኮማተረ። ቁጢጥ አለች። እኔ አሥር እርምጃ አልፌያት ነበር። ዞር ብዬ አየኋት።

— …

— አለሁ፣ አለሁ። መስመሩ አልተቋረጠም፣ የከይሪያን ትራስ ከፍ እያደረግኩ ነው።

— ሄድኩ… ጥያት ሄድኩ፣ ምን ልዋሽሽ። እስከሚቀጥለው መጠምዘዣ። ደግሞ እንዴት እንደጣፈጠኝ። ከዚያ ግን ከኋላዬ ኮቴ የለም። ያን የማይሰማ ኮቴዋን ጆሮዬ ይፈልገዋል። እዚያ መንገድ ዳር ያለችው ሱቅ ገብቼ አንድ ሃይላንድ ውሃ ገዛሁና ቁልቁል ተመለስኩ።

— ውሃውን ብሰጣት በእጇ መለሰችው። «ጾመኛ ነኝ እኮ» አትለኝም?… ረመዷንማ አልቋል፣ ከዚያ ቀጥሎ የሚጾመውን የሸዋልን ስድስት ቀን ይዛ ነው። በባዶ ሆዷ፣ በደረቅ ጉሮሮዋ ነው እንደዚያ ስትቀድመኝ የነበረው። ምነው አልነገርሽኝም ብላት፣ «ብነግርሽ ታዝኚልኝና ቀስ ትዪልኝ ነበር» አለች። የውዴታ ጾም ነው፣ ጠጪና ነገ ትክሺዋለሽ አልኳት። «ዳገቱንም ጾሙንም መሃል ላይ አልተውም» አለች… እኔ ግትር ከሆንኩ እሷ ምኗ ነው?

— ግማሹን ውሃ ባቷ ላይ አፈሰስኩት። ከዚያ ነጠላዬን ፈትቼ አንዱን ጫፍ በወገቧ፣ አንዱን በወገቤ… አዎ፣ የቅዳሴ ነጠላዬን። ጥለቱ ሄደ፣ ምን አባቱ። ጎተትኳት። መኪናው ሁሉ ጥሩምባ ይነፋል። ደሳለውሽ በመስኮት «ሰርካዲስ፣ ስንት ትሸጫታለሽ?» ይላል። ከኋላዬ ድምፅ ስሰማ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እያነከሰች ትስቃለች። እንዲያ እያልን ሐረጎን ጨረስነው።

— ይቅርታ?… አልጠየቀችኝም። እሷ ይቅርታ ብትል ፀሐይ በምዕራብ ትወጣለች። አናቱ ላይ ቁጭ ብለን እኔው ነኝ ያወጣሁት። «ጥለሽኝ መሄድሽ አይደለም ያቃጠለኝ፣ በሩጫ ያለ ነው። ዞረሽ አይተሽኝ መሄድሽ ነው» አልኳት። ቁልቁል ኮምቦልቻን እያየች «ዞሬ ባላይሽስ ይሻልሽ ነበር?» አለችኝ።

— በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንዲህ ብዬ ራሴን አልጠየቅኩም።

— ምን ትያለሽ ከይሪያ?… የኔነሽ፣ ስሚ የምትለውን፤ «የውድድሩ ቀን ቁጢጥ ብትልም ጥያት ነው የምሄደው በያት» ትላለች። እያት እንግዲህ፣ በሚያነክስ እግሯ። ለመወደድ ብላ አትዋሽም እኮ፤ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?

— እኔማ አናቱ ላይ ነግሬያታለሁ። «ሂጂ፤ ዞረሽ ግን እዪኝ» አልኳት። ያችን ከአባታችን ሆይ የዘለልኳትን ቃልም እዚያው ተቀምጬ አልኳት፣ በለሆሳስ።

— ቆይ… ቆይ የኔነሽ… አዛን አለ፣ ማፍጠሪያዋ ደረሰ። ከይሪያ፣ ቀስ ብለሽ ተነሺ፣ ቴምሩ አጠገብሽ ነው… በይ እታለም፣ ልዝጋው። የቀረው ግማሽ ውሃ እዚሁ አለ፤ ከቅድም ጀምሮ እኔም አልነካሁትም። ልስጣት።