ያልተከፈተው የሠርግ ጋን

ደህና ዋልሽ፣ ማቅቫላዬ? አይ አይ፣ አልቀመጥም፤ ወንፊትሽን ልመልስ ብቅ ብዬ ነው እንጂ... እሺ፣ ካልሽስ ትንሽ ልረፍ። ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደል። እንዴት ነው ቲማቲምሽ እንዲህ የቀላው በይ? የእኔን ዶሮዎቹ ጨረሱት። ኮኩስ ዘንድሮ ያዘልሽ? ወይኑን እንኳ አልጠይቅሽም፤ ሳልፍ አይቼዋለሁ፣ ዘለላው ሐረጉን ሊገነጥለው ምንም አልቀረው። ለመስቀል ለቀማ እንወጣለን ማለት ነው።

እንግዲህ ለቀማው ሲደርስ ጋኖቹ ባዶ ሆነው፣ ታጥበው መጠበቅ አለባቸው፣ አይደል? የእኛ ታጥበዋል። የመንደሩም ሁሉ ታጥቧል። ማለቴ... ሁሉም ማለት ይቻላል።

የምን ድምፅ ነው እሱ? ከወይን ጓዳው በኩል የሚፈገፈግ ነገር አለ። ድመቷ ናት? ጎበዝ ድመት ነው ያለችሽ! ከፋሲካ ጀምሮ ያንኑ ባልዲ ስታጥብ እሰማታለሁ። ተያት፣ ትሥራ። እኔ ግን ድምፄን መቀነስ አልችልበትም፣ ታውቂኛለሽ፤ ግድግዳ አያቆመውም።

ስለ ድመቷ ስናወራ አንድ ልጅ ትዝ አለኝ። ስሙን አልጠራም፤ ሐሜት ነፍሴ አይወድም። አንቺም አታውቂው ይሆናል... ጡትሽን ጠብቶ አድጎ፣ አንድ ጣሪያ ሥር ታድራላችሁ እንጂ። እንዴት ያለ ጠንቃቃ መሰለሽ! ትብሊሲ ድረስ ሄዶ ወይን ጠጅ አጠማመቅ ተምሮ መጣ። አምና ለቀማው ሲያበቃ፣ የእጮኛው ዘመድ ሁሉ ገበታ ላይ ተቀምጦ፣ ብድግ አለና ዋንጫውን አነሳ። «አባቶቻችን በዘልማድ ነው የሠሩት። በእኔ ሠርግ ግን የምትጠጡት እኔ በእጄ ከጠመቅኩት ጋን ነው። ጋኑ የተከፈተ ዕለት የሠርጉ ቀን ይቆረጣል!» አለ። አጨበጨብን። እኔማ እጄ እስኪቀላ ነው ያጨበጨብኩት፤ እጮኛዪቱ ናቲያ የወንድሜ ልጅ አይደለችም? ፊቷ እንዴት እንደበራ... አንቺ አልነበርሽም እንዴ? እዚያው ከጎኔ ተቀምጠሽ አልነበር?

ከዚያ ወዲያ ጥንቃቄውን ምን ብዬ ልንገርሽ! ጋኑ እንደ ወጋችን አፉ በጭቃ ተመርጎ መሬት ውስጥ ተቀበረ፤ እንደተቀበረም ቀረ። ለፋሲካ ሰው ሁሉ ጋኑን ሲከፍት እሱ «ብርዱ ገና አልወጣም» አለ። እውነቱን ነው፤ እኛ መሃይሞቹ ስለ ብርድ ምን እናውቃለን? ለጊዮርጊስ ደግሞ «ነጎድጓዱ አናወጠው፣ ትንሽ ይርጋ» አለ። ነጎድጓድ መቼም ጥፋተኛ ነው፤ ቀርቦ አይከራከር። ቀጥሎ መቅጃው ቅል ተሰነጠቀ። ወንድሜ አዲስ ቅል ቢልክለት፣ ወገቡን ያዘው። ወገቡ ሲሻለው ጨረቃዋ ጎደለች። ጨረቃዋ ስትሞላ አጎቱ ከባቱሚ እስኪመጣ ይጠበቅ ተባለ። አጎቱም መጣ... በላ፣ ተኛ፣ ተመልሶ ሄደ።

ደግሞ ልጁ ፈሪ ነው ይላሉ! እኔ ተቆጥቼ ነው የምመልስላቸው። እስቲ ንገሪኝ፣ በዚህ መንደር ማንም ያልነቀፈው ወይን ጠጅ የማን ነው? የቄሱን እንኳ «ቀጠነ» ይሉታል። የእሱን ግን አንድም ሰው ክፉ ብሎት አያውቅም። ደግሞስ ፈሪ ቢሆን ኖሮ «ፈራሁ» ብሎ ይገላገል ነበር። የናቲያን ዓይን በየእሑዱ እያዩ «በሚቀጥለው ሳምንት» ማለት የአንበሳ ልብ አይጠይቅም?

የእኔ ኦታር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን ያህል ጥንቃቄ አልፈጠረበትም። ሞኝ ነበር። እኔን ለጋብቻ በጠየቀበት ዓመት፣ አባቴና የእናቴ ወገኖች ዙሪያውን ቆመው እያዩ ጋኑን ከፈተ። ፈርቶ ነበር እኮ፤ እየፈራ ነው የከፈተው። ቀድቶ ቀመሰ። ፊቱ አመድ መሰለ። ሽታው ለእኛም ደርሶናል። አሁንስ ሊያለቅስ ነው ብዬ ስጨነቅ ቀና አለና፣ «ሆምጣጤ ሆኗል። ክዳኑን በደንብ አልመረግኩትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። ጨረቃዋን አልከሰሰ፣ ነጎድጓዱን አልወቀሰ! ሰዉ ሳቀበት። ቆይቶ እሱም አብሮ ሳቀ። ያን ክረምት የመንደሩ ጎመን በሙሉ ለስንቅ የተዘፈዘፈው በኦታር ሆምጣጤ ነው። በዓመቱ ደግሞ አባቴን ከነወንበሩ የጣለ ወይን ጠጅ አወጣ። እኔ ግን የወደድኩት በወይን ጠጁ አይደለም፣ እህቴ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» ያለ ጊዜ ነው የወደድኩት። እስከ ዛሬም ሳስበው ሆዴ ይባባል።

ግን ያ የድሮ ሰው ነው፣ አልተማረም...

ከወንዙ ማዶም እንዲሁ አንድ ያልተማረ ልጅ አለ። ያለፈው እሑድ ለወንድሜ ማሰሮ ሙሉ ወይን ጠጅ ይዞለት መጣ። «ትንሽ ኮምጥጦብኛል፣ ጋሼ። የት ላይ እንደተሳሳትኩ ይንገሩኝ» አይልልሽም? ሲያሳፍር! ወንድሜ ፊቱን እያጨማደደ ጠጥቶ፣ ቀኑን ሙሉ ሲያስረዳው ዋለ። ናቲያም... ሳቀች። ስትስቅ የሰማኋት መቼ እንደሆነ ረስቼው ነበር። የፊታችን እሑድም ይመጣል አሉ። ወንድሜ ጠቦት ሊያርድ ነው፤ ለእንግዳ ክብር ነው፣ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ። ቀሚሷንም መተኮሷ ለሙቀቱ ብላ ይሆናል።

ደግሞ ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ዛሬም ወደ እናንተ ቤት መንገድ መንገዱን ታያለች። ትናንት ባቄላ እየፈለፈልን ሳለ ምን አለችኝ መሰለሽ? «አክስቴ፣ ሆምጣጤም ቢሆን እኮ እጠጣለት ነበር።» ይኸው ነው ያለችኝ። ከዚያ ወዲያ ቀና ብላ አላየችኝም።

እ?... ድመቷ ዝም አለች። ደከማት መሰል።

በይ እንግዲህ ልነሳ፤ ዶሮዎቼን ላስገባ። ለዚያ ስሙን ለማልጠራው ልጅ ግን ሁልጊዜ እጸልይለታለሁ። ጤናውን ይስጠው። ጋኑን ስንጥቅ አይንካበት፣ ክዳኑንም እንደታሸገ ያቆይለት። ምክንያት ፈልጎ የሚያጣበት ቀን አይምጣበት። ናቲያችንም ለወግ ለማዕረግ በቅታ ስትወልድ፣ ከሰው ሁሉ መርጦ እሱን ለበኩር ልጇ የክርስትና አባት ያድርግልን... አሜን በይ እንጂ፣ ማቅቫላዬ!