የአያ መኮንን ዘር

በደርግ ጊዜ ላሊበላ ጤና ረዳት ነበርኩ። አያ መኮንን የሚባሉ ገበሬ ባቄላ በበሉ ቁጥር ዓይናቸው ቢጫ ይሆናል፣ ሽንታቸው ይጠቁራል። መርምሬ ስጨርስ፣ “ችግሩ የዘር ነው፤ ከእናትዎ ወገን የመጣ። ሁለተኛ ባቄላ እንዳይቀምሱ፣ ይገድልዎታል” አልኳቸው። ከርመው ተመልሰው መጡ። ዓይናቸው ብሶበታል፣ ፊታቸው ግን ፈገግ ብሏል። “እውነትህን ነው ልጄ። ዘሩን የሰጠኝ የእናቴ ወንድም ነበር። መለስሁለትና ከወገል ጤና ገበያ ሌላ ዘር ገዛሁ። ሳልዘራው ልሞክረው ብዬ ቆልቼ ቆረጠምሁት።”

“ዘሩን ለአጎትዎ ምን ብለው መለሱላቸው?”

“ዘራችሁ መርዝ ነው አልሁት።”

አጎትየው ለካ ከሰዋቸው ኖሯል። እኔም የገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ፊት ለምስክርነት ተጠራሁ። አጎትየው ቆመው፣ “ዘራችንን ሰደበ። በዘራችን በሽተኛ የለም” እያሉ ይምላሉ። እኔ ግን ዓይናቸውን ነው የማየው፤ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል።

“አባቴ፣ ሰሞኑን ምን ሲበሉ ሰነበቱ?” አልኳቸው።

“ይኸው የመለሰልኝን ባቄላ ነዋ” አሉ ኮራ ብለው፤ “መርዝ አለመሆኑን ላሳይ።”