ዐዚዛ ትክል ድንጋይ ያልሄደችበት ቅዳሜ

የሚሌኒየሙ በዓል በተከበረበት ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የጨርቅ ነጋዴው አያ ዐብዱረሕማን የአምስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ዐዚዛን እየጎተቱ ጎንደር መናኸሪያ ደረሱ። ፊታቸው ዘመድ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ፊት አልነበረም፤ ሌባ ሊያስይዝ የሚሄድ ሰው ፊት ነበር። ወደ ትክል ድንጋይ ከተማ የሚሄደው መኪና ገና ስላልሞላ ቆመው ሲጠብቁ ከኋላቸው ሰላምታ ሰሙ።

"አሰላሙ ዐለይኩም፣ አያ ዐብዱረሕማን!"

የጎረቤታቸው ልጅ ፈህሚያ ነበረች። ነርስነት ተምራ ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ የምታውቀውን ሰው አይታ ሳትጠይቅ የማለፍ ልማድ የላትም።

"ወዐለይኩም ሰላም፣ ልጄ።"

"በደኅና ነው? ዐዚዛንም ይዘዋታል።"

አያ ዐብዱረሕማን ግራ ቀኙን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እህቴ ዘንድ ላደርሳት ነው። መኝታዋን ማርጠብ ጀምራለች። እስክትተው እዚያው ትቆያለች።"

"እዚያ ምን ይደረግላታል?"

"እህቴ ስንቱን ልጅ አስትታለች! የረጠበውን ሰሌን አሸክማ ሰፈሩን ታዞራቸዋለች፤ ልጆች እያጨበጨቡ ይከተሏቸዋል። ከዚያ ወዲያ አይደግሙም።"

ዐዚዛ ይህን ስትሰማ የአያቷን ኮት ጫፍ በሁለት እጇ ጨበጠች። የምትሸሸው ከእሳቸው፣ የምትጠጋውም ወደ እሳቸው ነበርና።

"ምነው አያ፣ ይህን ያህል?" አለች ፈህሚያ።

"እንዴት ምነው ትያለሽ? የማታውቅ ሕፃን ብትሆን ምን አስቆጣኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደረቅ ስታድር የኖረች ናት። የሚያውቁትን መተው እልክ ነው፤ እልክ ደግሞ በጊዜው ካልተቀጣ ሥር ይሰዳል።"

ላይ ላዩን ሲያዩት የማይነቀነቅ ክርክር ይመስላል። ፈህሚያ ግን ፈገግ አለች።

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ባለቤትዎ እትዬ ሐዲጃ ከወንድማቸው ጋር ሐጅ የሄዱ ጊዜ እንቅልፍ እምቢ ብሎዎት ከሱብሒ ሶላት በፊት ደጃፍ ላይ ይቀመጡ አልነበረም? እናቴ በየጠዋቱ ታይዎት ነበር።"

"እሱማ..."

"መተኛት ዕድሜዎን ሙሉ ሲያውቁበት የኖሩት ነገር ነው። ከማን ጋር እልክ ተጋብተው ተዉት?"

አያ ዐብዱረሕማን ሳቃቸው አመለጣቸው፤ በመሳቃቸውም ተናደዱ። "ነገሩን ወደ እኔ አታዙሪው! ልብ ሲጨነቅ እንቅልፍ ይሸሻል።"

"የሕፃን ልብም ይጨነቃል። ደግሞም ተኝታ ሳለች ነው፤ መቼ እንደመጣባት እንኳ አታውቀውም። ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ወንድሟ ከተወለደ ወዲህ።" እሳቸው ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። "ዝም ብዬ ቅጣት ላይ አልዘለልኩም። ከዐስር ሶላት በኋላ ውሃ የሚባል ነገር ከልክያታለሁ።"

"ሻይስ?"

"ሻይማ ትጠጣለች። ሱቅ ከእኔ ጋር ስለምታመሽ እቀዳላታለሁ፤ ጎረቤቶቼም ይቀዱላታል። ሻይ ምን ውሃ ነው?"

ፈህሚያ አፏን በሻርፗ ሸፈነች። አጠገባቸው የነበረው ተራ አስከባሪ መሸፈኛ ስላልነበረው ጮክ ብሎ ሳቀ።

ፈህሚያ ዝቅ ብላ የልጅቷን እጅ ያዘች። "ዐዚዛዬ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"ወንድሜ የአባባ አዲሱ ጀለቢያ ላይ ሸና" አለች ዐዚዛ። "ሁሉም ሳቀ። አባባ ሳመው። እኔ ስሸና ግን ማንም አይስመኝም።"

አያ ዐብዱረሕማን በሕፃኑ የዐቂቃ ድግስ ዕለት ጀለቢያቸው ላይ ሲሸና እንግዳ ሁሉ ፊት "ይደግ! ይደግ!" እያሉ ሕፃኑን ከፍ አድርገው መሳማቸው ትዝ አላቸው። ያን ቀን ዐዚዛን ማን ምሳ እንዳበላት ግን ሊያስታውሱ አልቻሉም። አዘኑ፤ ከልባቸው አዘኑ።

"ሞልቷል፣ ግቡ!" አለ ተራ አስከባሪው።

"ቦታዬን ለሌላ ስጥ" አሉት፤ ዐዚዛንም ብድግ አድርገው አቀፏት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ፈህሚያ አብራቸው ሄደች።

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ሰኞ ጤና ጣቢያ ያምጧትና ትመርመር። ትታው የነበረች ልጅ እንደገና ስትጀምር አንዳንድ ጊዜ ሕመም ይኖራል። ቀን ቀን ውሃ እንደ ልቧ ትጠጣ፤ የማታው ሻይ ይቅርባት። ከመተኛቷ በፊት ሽንት ቤት የሚወስዳት ሰው ይኑር፤ ግቢያችሁ ጨለማ ነው። ከአንሶላው ሥር ላስቲክ አንጥፉ። ረጥቦ ካደረ ደግሞ ቁጣም ሳቅም አይኑር፤ አንሶላውን አብራችሁ አንሡት። ከሁሉ በላይ እናቷ ለእሷ ብቻ የሆነ ጊዜ ትስጣት።"

"ይኼንን ለመማር ነው ያን ሁሉ ዓመት የፈጀሽው?"

"ለሌላውም ነው፣ አያ።"

ምርመራው ሕመም እንደሌለባት አሳየ። እትዬ ሐዲጃ ከሰዓት በኋላ ሕፃኑን እየያዙ እናትና ልጅ ለብቻቸው እንዲጫወቱ አደረጉ። ነገሩ በአንድ ጊዜ አልቆመም፤ ደረቁ ሌሊት ግን እየበዛ ሄደ። ጠዋት በር ጀርባ ትደበቅ የነበረችው ልጅ መዝፈን ጀመረች፤ እናቷ ከልቅሶና ከእጥበት አረፈች፤ አያ ዐብዱረሕማንም ከሱብሒ ሲመለሱ የሚቆጡት ሰው አጡ። ቁጣ አንድ አንሶላ አላደረቀም፤ ትንሽ ፍቅርና ትንሽ ዘዴ ግን ቤቱን ሁሉ አሳረፈ።

አንድ የገበያ ቀን አዘዘ የሚባል የጭልጋ ገበሬ ሱቃቸው ገብቶ አቡጀዲ ሲያስለካ ዐዚዛ እየሮጠች መጣች።

"አባባ፣ ዛሬ አመለጠኝ!"

ገበያተኛው ሁሉ ሰማ።

"ምን ቸገረ፣ የኔ ሸጋ! አንሶላውን አነሣችሁት?"

"ከእማዬ ጋር አነሣነው!"

"በርቺ!"

ልጅቷ እየዘለለች ወጣች። አዘዘ በሩን ሲያይ ቆየና ወደ ነጋዴው ጠጋ አለ። "እኔም ቤት እንዲህ ያለች አለች፣ አያ" አለ ቀስ ብሎ። "ትናንት ገርፌያታለሁ።"

አያ ዐብዱረሕማን አቡጀዲውን አጥፈው ወደ ጎን አደረጉና በርጩማ ሳቡለት።

"ተቀመጥ፣ ወንድሜ" አሉት። "ጨርቁ ይቆየን። በመጀመሪያ ልጅቷን ምን እንዳስከፋት ንገረኝ።"